ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት፦ የካውንቲ ዕጩዎችን እንዴት እንደምመዝን

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ ከስቴቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው)፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምርጫ ሰሞን ሲደርስ የፖስታ ሳጥናችን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይሞላል። የሁሉም ዕጩ ቅድሚያ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት፣ አቅም የሚችለው ቤት፣ ሰላም ያለው ሰፈር፣ ንጹሕ አየር፣ ለትናንሽ ንግዶች ድጋፍ። ይሄን የሚጠላ ሰው ካለ አሳዩኝ። በ2022 ምርጫ ጊዜ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ "አንተ እንግሊዝኛውን ታነበዋለህ፣ ማንን እንምረጥ ልጄ?" እያሉ ሲይዙኝ ወረቀቱን ማንበብ ብቻ እንደማያዋጣ ገባኝ። ያኔ የጀመርኩት አሠራር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዕጩዎቹ በፊት ያጠናሁት ወንበሩን ነው። ካውንቲው ውስጥ ሁለት ዋና ሥልጣን አለ። ኤክስኪዩቲቩ አስተዳደሩን ይመራል፣ በጀት አዘጋጅቶ ያቀርባል። ምክር ቤቱ፣ እኛ ካውንስል የምንለው፣ ሕግ ያወጣል፣ በጀቱን ቀንሶ ጨምሮ ያጸድቃል። ካውንስሉ ድሮ 9 ሰው ነበረ። በ2020 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከ2022 ጀምሮ 11 ሆነ፤ 7ቱ ከየዲስትሪክታቸው፣ 4ቱ ደግሞ አት ላርጅ፣ ማለትም በጠቅላላው ካውንቲ የሚመረጡ። ስለዚህ አንድ መራጭ ከ11ዱ 5ቱን ይመርጣል። ይሄን ስነግራቸው የሚገርማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አት ላርጁ ላይ አንድ ሰው ብቻ አጥቁረው ወረቀቱን የሚያስገቡ አሉ፤ መብታቸው ነው፣ ግን አውቀው ቢያደርጉት ይሻላል።

ከዚያ የዕጩዎቹን ቃል "የማን ሥራ ነው?" እያልኩ ለየሁት። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ራይድ ኦን አውቶቡስ፣ የት ምን ይሠራ የሚለው የመሬት አጠቃቀም፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ እነዚህ የካውንቲው ናቸው። ፐርፕል ላይን ባቡር የስቴቱ ነው። ስለዚህ "ፐርፕል ላይንን በፍጥነት አስጨርሳለሁ" የሚል የካውንስል ዕጩ ቢበዛ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ነው፤ ካውንቲው የሚወስነው የራሱ ፖሊስና የራሱ መሥሪያ ቤቶች ምን ይጠይቁ፣ ምን አይጠይቁ የሚለውን ነው። ለኛ ሰው ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን "የመኖሪያ ወረቀት አስጨርሳለሁ" ከሚለው ጋር አይገናኝም።

ትምህርት ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ዕጩ አንደኛ አድርጎ የሚያስቀምጠው እሱን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የርእሰ መምህራኑን ሹመት፣ የልጆቹን ምደባ ካውንስሉ አይነካውም። ለዚያ ለብቻው የሚመረጥ የትምህርት ቦርድ አለ። ካውንስሉ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ያውም ከካውንቲው በጀት ግማሽ የሚሆነው ወደዚያ ይሄዳል፣ ጠቅላላው በጀት ደግሞ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዚያ ላይ ካውንቲው ለአንድ ተማሪ የሚመድበው ገንዘብ ካለፈው ዓመት እንዳያንስ የስቴቱ ሕግ ያስገድዳል። እንግዲህ "ትምህርት ቅድሚያዬ ነው" ማለት ሲተረተር "ሕጉ ከሚያስገድደኝ በላይ እጨምራለሁ" ማለት ነው፤ ወይም ምንም ማለት አይደለም። ከየት አምጥቶ ነው የሚጨምረው? ጥያቄው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው።

ዕጩዎቹ ተሰልፈው የሚናገሩባቸው ስብሰባዎች ላይ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። "ሰው እየጮኸብህም ቢሆን ወደ ኋላ የምታስቀምጠው ነገር ምንድነው?" እላለሁ። ሴት ከሆነችም ያው ነው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? ቅድሚያው አሥራ አንድ የሆነ ሰው ገበያ ገብቶ ምን ገዝቶ እንደሚወጣ ማወቅ አይቻልም። አንዷ ዕጩ ትንሽ አስባ "አዲስ ሕንፃ ማሠራቱን አቆየዋለሁ፣ ያሉትን ነው የማስጠግነው" አለች። አልተስማማሁም፤ ግን ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፣ ምክንያቱም መልስ ነበር። ሌላው ደግሞ "ብክነትን እቀንሳለሁ" አለ። የትኛውን ብክነት ስንለው ፈገግ ብሎ ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ። ብክነትን እቀንሳለሁ የሚል ዕጩ የብክነቱን ስም ካልጠራ እኔ ዜሮ ነው የምሰጠው፣ ይቅርታ።

ለነባሮቹ ግን ጥያቄም አያስፈልግም። በጀት ላይ እጃቸውን እንዴት እንዳወጡ ማየት ይበቃል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ኤክስኪዩቲቩ እስከ ማርች 15 በጀቱን ያቀርባል፣ ኤፕሪል ላይ ሕዝብ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ካውንስሉ ያጸድቃል፣ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል። በ2023 ኤክስኪዩቲቩ ማርክ ኤልሪች ለትምህርት ቤቶች ብለው የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የመሬት ግብር) 10 ከመቶ እንዲጨመር ጠየቁ። ካውንስሉ ተጨቃጭቆ 4.7 ከመቶ አደረገው። ያኔ ማን ምን እንዳለ ማየት ከመቶ ወረቀት የበለጠ ይናገራል። ሁሉም "ትምህርት ቅድሚያዬ ነው" ብለው የተመረጡ ናቸዋ! የሁሉም ቅድሚያ ትምህርት ሆኖ አንዱ 10 ሌላው 4.7 ሲል፣ ልዩነቱ ያለው ከትምህርት ቀጥሎ በሚያስቡለት ሰው ላይ ነው፤ ቤት ገዝቶ ሞርጌጅ በሚከፍለው ሰው ላይ።

የኛ ሰው ራሱ አንድ ዓይነት ፍላጎት የለውም፤ ይሄንን በግልጽ መነጋገር አለብን። በዚያው ዓመት ጁላይ ካውንስሉ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ። በዓመት የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 ከመቶ፣ ግን ከ6 ከመቶ እንዳይበልጥ። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ነፃ ነው፤ አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብም እንዲሁ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ተከራይ ነኝ፣ ደስ ብሎኛል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆመው ወዳጄ ግን ለሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድቶ አፓርታማዎች ገዝቶ የሚያከራይ ነው፤ ጣሪያ ማሳደስ ስንት እንደሚያስወጣ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ፣ እሱም እውነት አለው። "ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅመው ዕጩ" የሚባል ነገር ስሰማ "ለየትኞቹ?" ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የመጠጥ ጅምላ ሻጩ ካውንቲው ራሱ ነው፤ ሬስቶራንቱ ቢራውንም ወይኑንም የሚያገኘው በካውንቲው በኩል ነው፣ ጠንካራ መጠጥ በችርቻሮ የሚሸጠውም የካውንቲው ሱቅ ነው። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ "ለትናንሽ ንግዶች እቆማለሁ" ላለኝ ሁሉ "መጠጡስ?" እላለሁ። አንዱ ዕጩ ጉዳዩን ጭራሽ አልሰማም ነበር። ሌላዋ ግን "ትርፉ ለካውንቲው ገቢ ነው፤ እሱን ካነሳን በምን እንተካዋለን?" ብላ መለሰችልኝ። ባለ ሬስቶራንቱ ጓደኛዬ ተናደደ፤ እኔ ግን አከበርኳት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሳቅም ይሁን። ጎንደር ከ2012 ጀምሮ የካውንቲው እህት ከተማ ናት። የኛ ሰው ፊት የሚቀርብ ዕጩ ሁሉ ይሄን ያነሳል፣ "አመሰግናለሁ" ይላል፣ ሽሮ እንደሚወድ ይናገራል። ደስ ይላል፣ እናጨበጭባለን። ሽሮ መውደድ ግን ፖሊሲ አይደለም። ከጭብጨባው በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ ስለ በጀቱ ካልጠየቀ ያ ምሽት እራት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡንም አያለሁ። ካውንቲው ከ2018 ምርጫ ጀምሮ ለዕጩዎች የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጥበት አሠራር አለው። ወደዚህ የገባ ዕጩ ከኩባንያ አይቀበልም፤ በ2022 ከአንድ ግለሰብም ከ250 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም ነበር። በምትኩ የካውንቲው ነዋሪ የሚሰጠውን ትንንሽ ገንዘብ ካውንቲው ያባዛለታል፤ ለካውንስል ዕጩ ለመጀመሪያው 50 ዶላር በእያንዳንዱ ዶላር 4 ዶላር ይጨምርለታል። ማለት ያቺ የኛ 50 ዶላር 250 ሆና ትደርሳለች። ማን እዚህ ውስጥ ገባ፣ ማን አልገባም፣ ያልገባው ከማን ተቀበለ የሚለው በይፋ የሚታይ መዝገብ ነው። ቅድሚያ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ነገር አንዳንዴ እዚያ ይገኛል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አደረግሁትና በአማርኛ ጻፍኩት። የዕጩው ስም፣ ወደ ኋላ አስቀምጠዋለሁ ያለው ነገር፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ አውቶቡስ ያለው። የራሴን አስተያየት አልጻፍኩበትም፤ እናቶቹ "ታዲያ ማንን?" እያሉ ቢጎተጉቱኝም። ሌላ ከሚመርጥለት ሰው ይልቅ ራሱ አማርጦ የመረጠ ሰው ነው በሚቀጥለው ምርጫ ራሱ የሚመጣው፤ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ሰንጠረዡን ይዘው ከልጃቸው ጋር ተከራክረው ሁለቱ የተለያየ ሰው መረጡ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሰንጠረዡ ብቻ ግን አይበቃም ነበር፣ ምክንያቱም የበር ችግር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ዝግ ነው፤ የዴሞክራቶቹን ዕጩ የሚመርጠው ዴሞክራት ተብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው፣ ሪፐብሊካኑም እንዲሁ። ሞንትጎመሪ ደግሞ ዴሞክራት የበዛበት ካውንቲ ስለሆነ የካውንስል ወንበር የሚያልቀው በፕራይመሪው ነው። ከኛ ሰው ዜግነት ሲወስድ "ፓርቲ አልፈልግም፣ ከፖለቲካ አድነኝ" ብሎ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ብዙ አለ። በፕራይመሪው የሚደርሰው የትምህርት ቦርዱ ምርጫ ብቻ ነው፤ ኖቬምበር ላይ ለዋናው ምርጫ ሲመጣ ነገሩ አልቋል። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ከምርጫው ቢያንስ 21 ቀን በፊት ነው። በዕለቱ መመዝገብ ይቻላል፣ ፓርቲ መቀየር ግን አይቻልም። ስለዚህ ዕጩ ከማጥናት በፊት ሰዉ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ማየት የመጀመሪያው ሥራዬ ሆነ።

ቋንቋም አለ። ካውንቲው ብዙ መረጃ በአማርኛ ያወጣል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ ትርጉም የሚያስገድድላቸው ቋንቋዎች ውስጥ የአፍሪካ ቋንቋዎች የሉበትም። ያው ሕግ ግን ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። ልጃቸውን፣ ጎረቤታቸውን ይዘው መግባት እንደሚችሉ የነገርኳቸው እናት "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረንም?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

"አንድ ድምፅ ምን ለውጥ ያመጣል" ለሚሉኝ የምጠቅሰው የኤልሪችን ነገር ነው። በ2018 ፕራይመሪ ዴቪድ ብሌር የሚባለውን ነጋዴ ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እነዚሁ ሁለቱ እንደገና ገጠሙ፤ ድምፁ እንደገና ከተቆጠረ በኋላ ልዩነቱ 32 ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ባለበት ካውንቲ ውስጥ 32! ቅዳሴ ሲያልቅ በር ላይ ቆሞ ከሚያወራው ሰው ያንሳል። እኔ ማን ቢያሸንፍ ይሻል ነበር የሚለውን እዚህ አልገባበትም።

አሁን ለ2026 ሰንጠረዡን እያደስኩ ነው። በ2024 ሕዝበ ውሳኔ የኤክስኪዩቲቩ ዘመን በሁለት ጊዜ ስለተገደበ ኤልሪች ለዚያ ወንበር ተመልሰው አይወዳደሩም፤ ወንበሩ ክፍት ነው፣ የ11ዱም የካውንስል ወንበር ምርጫ አብሮ አለ። አዲስ የጨመርኩት ጥያቄ ስለ ራይድ ኦን ነው። ከጁን 2025 ጀምሮ አውቶቡሱ በነፃ ሆኗል፤ ሌሊት ለሚሠራው፣ መኪና ለሌለው ወገናችን እውነተኛ ገንዘብ ነው። እዚህ የሚኖር የፌዴራል ሠራተኛ ከሥራ ሲቀነስ ግን የካውንቲው የገቢ ግብር አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ ገቢው ቢቀንስ አውቶቡሱን በነፃ ታቆየዋለህ ወይ፣ ካቆየኸውስ በጀቱ ውስጥ የትኛውን መስመር ትሰርዛለህ? ስብሰባ ላይ የምታገኟቸው ከሆነ እናንተም ጠይቁልኝ፤ መልሱን ላኩልኝና ሰንጠረዡ ላይ አሰፍረዋለሁ።