ባቲ ምን ሊሠራ መጣ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ የሬዲዮ ድራማ እጽፋለሁ። ያን ሰሞን የያዝነው ታሪክ ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ የሚነሳ ጠብ ነበር። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ዓላማችን እርቅ ነበር፤ በቅን ልብ ነው የጻፍኩት።

ሦስት ክፍል ከተላለፈ በኋላ አፋሩን ሆኖ የሚጫወተው የደሴ ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄደ። በምትኩ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የአፋር ልጅ አገኘን። የድምፅ ባለሙያችን የወጥ ቤት ቢላዋ የቆዳ ቀበቶ ላይ እየሳበ የአፋሮች ጩቤ የሆነው ጊሌ ሲመዘዝ የሚሰማውን ድምፅ አዘጋጅቷል። ልጁ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ስምንት ንግግር አለው። ስምንቱም ወይ ዛቻ ወይ ቁጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ባቲ ምን ሊሠራ ነው የመጣው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ፍየል ሊሸጥ ይሁን እህል ሊሸምት አላሰብኩበትም። ለአማራው ነጋዴ የታመመች ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ለኦሮሞዋ ቅቤ ሻጭ ዕዳ። ለእሱ ጊሌ ብቻ።

«እኛኮ ሰው ስናገኝ መጀመሪያ ዳጉ ነው» አለ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ? ግጦሹ እንዴት ነው? የማን ግመል ጠፋች? የሐሰት ወሬ ያቀበለ ደግሞ ይጠየቅበታል። ይህችን ሲነግረኝ ላብ አጠመቀኝ። እኔንስ ማን ይጠይቀኛል? ወሎዬ ነኝ፤ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ማዕድ ከሚበላበት ቤት ነው ያደግሁት። ይህ ነገር እኔን የሚነካ አልመሰለኝም ነበር።

ትዕይንቱን በዳጉ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ቃላቱን ልጁ አስተካከለልኝ። ጠቡ አልቀረም፤ ግን ከፍየል ዋጋ ተነሳ። የቢላዋውን ድምፅ አወጣነው።

ከጭፍጨፋው በኋላ ሩዋንዳ ውስጥ ስለ እርቅ የሚተላለፍ የሬዲዮ ድራማ ነበር። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓላክ የተባሉ ተመራማሪ አድማጮቹን አንድ ዓመት ተከታትለው አጠኑ። የአድማጩ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላው ሰው ምን ይቀበላል፣ ምኑን ነውር ይላል የሚለው ግምቱ ነው። ሥራዬን ከዚህ በላይ የገለጸልኝ ነገር የለም።

የተላለፉት ሦስት ክፍሎች ግን አይመለሱም። አንድ ቀን ሸዋ በር ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የዚያን ሰውዬ አነጋገር አስመስሎ ሲዝት ሰማሁት። ቃሉ የእኔ ነው። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ።