ቤቴን ስሸጥ ከዋጋው በፊት ቅድመ ሁኔታውን አነበብኩ

ቤቴን ለሽያጭ ባወጣሁ ጊዜ በጽሑፍ የቀረቡልኝ የግዢ ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ገዢ ከጠየቅሁት በላይ ይከፍላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የራሱ ቤት መሸጥ አለበት። ሁለተኛው የጠየቅሁትን ይሰጣል፤ የባንክ ብድር እንዲፈቀድለትና ቤቱ በባለሙያ እንዲመረመር ይፈልጋል። ሦስተኛው ገንዘቡን በእጁ የያዘ፣ ቅድመ ሁኔታ የማያስቀምጥ፣ ዋጋው ግን ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ቤተሰቡ ዓይኑን የጣለው በመጀመሪያው ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜማ «እንዲህ ያለውን ዋጋ የሚመልስ የጠገበ ሰው ብቻ ነው» ብሎ ተቆጣኝ።

ለእኔ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ገዢ የሚለው «ይህ ከሆነ እገዛለሁ፤ ካልሆነ ቀብዴን መልስልኝ» ነው። ያ እስኪለይ ድረስ ቤቱ ከገበያ ይወጣል፤ የብድሩን ወለድ፣ ግብሩንና ጥገናውን እየከፈልኩ የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ዋጋዎቹን ከማወዳደሬ በፊት በእያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ ላይ ሦስት ጥያቄ አነሣሁ፦ መሟላቱ በማን እጅ ነው? እስከ መቼ? ባይሟላስ ቀብዱ ለማን ይቀራል?

የመጀመሪያው ገዢ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ አላለፈም። የእሱ ቤት መሸጥ በእኔም በእሱም እጅ አልነበረም። ቤቱን ለገበያ አውጥቶት እንደሆነ ስጠይቀው «ገና ነው፤ ቀለም እያስቀባሁ ነው» አለኝ። ውል የፈረመለት ገዢ ቢኖረው ኖሮ አስብበት ነበር። ያም ሆኖ በሩን አልዘጋሁበትም። ቤቴን ለሌሎች ማሳየቴን እንድቀጥል፣ ሌላ ገዢ ከመጣም በ72 ሰዓት ውስጥ ወይ ቅድመ ሁኔታውን እንዲያነሣ ወይ እንዲለቅ የሚል አንቀጽ ይግባ አልኩት። አልተስማማም፤ እኔም አላግባባሁትም።

ብዙ የደከምኩት በሁለተኛው ላይ ነው። በመጀመሪያ የባንኩን ደብዳቤ በጥንቃቄ አነበብኩ። ደንበኛው በቃል በነገረው ገቢ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «ይህን ያህል ሊበደር ይችላል» የሚል ደብዳቤና ባንኩ የገቢ ማስረጃዎችን መርምሮ የሚሰጠው ደብዳቤ ክብደታቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ዓይነት እንዲያመጣ ጠየቅሁት፤ አመጣ።

ቀጥሎ የቤቱ ግምት ጉዳይ ተነሣ፤ ባንኩ ከማበደሩ በፊት ቤቱን በገማች ባለሙያ ያስገምታል። ባንክ ብዙውን ጊዜ የሚያበድረው ከተስማማንበት ዋጋና ገማቹ ካወጣው ዋጋ ዝቅተኛውን ይዞ ነው። በ100 ተስማምተን ገማቹ 92 ቢል፣ ባንኩም 80 በመቶ የሚያበድር ከሆነ፣ ብድሩ 80 መሆኑ ቀርቶ 73.6 ይሆናል። ገዢው ከራሱ 20 አዘጋጅቶ ሳለ 26.4 ይጠየቃል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማን እንደሚሞላ ረቂቁ አንድም ቃል አልነበረውም። ግምቱ ከዋጋው እስከ 5 በመቶ ዝቅ ቢል ጉድለቱን ገዢው ከኪሱ ይሞላል፤ ከዚያ ካለፈ ሁለታችንም መውጣት እንችላለን የሚል አንቀጽ አስገባን።

የምርመራው አንቀጽ ከሁሉም የከፋ ነበር። «የምርመራው ውጤት ገዢውን ካላረካው ውሉ ቀሪ ይሆናል» ይላል። እርካታ በምን ይለካል? የመርማሪ ሪፖርት የላላ የበር እጀታ ሳይቀር ይመዘግባል፤ ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ያችን እጀታ ይዞ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው መሠረቱን፣ ጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሩን እንዲመለከት፣ ከፊርማው በኋላ በ10 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ፣ የሪፖርቱ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ የጥገናው ወጪ ከዋጋው 2 በመቶ ካላለፈም ጥያቄ እንዳይነሣ ተስማማን። ይህን በልበ ሙሉነት የጠየቅሁት ቤቱን ለገበያ ከማውጣቴ በፊት በራሴ ወጪ አስመርምሬው ስለነበር ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሥር የሚያፈስስ ቧንቧ ተገኝቶ አስጠግኜዋለሁ፤ ይህንንም ለሁሉም ገዢዎች በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

ሦስተኛው ገዢ የጠቀመኝ እንደ መለኪያ ነው። የእሱና የሁለተኛው ዋጋ ልዩነት፣ ሽያጩ ቢጓተት ቤቱን ይዤ ለመቆየት ከማወጣው በጣም ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ለእሱ እሸጥ ነበር።

ከሁለተኛው ጋር ተፈራረምን። ግምቱ ከዋጋው 3 በመቶ ዝቅ ብሎ መጣ። ገዢው ዋጋ እንድቀንስለት ሞከረ፤ አንቀጹን አሳየሁት፤ ሞላ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አርጅቶ በመገኘቱ ደግሞ የጥገናው ወጪ ከተስማማንበት 2 በመቶ አለፈ። «አስጠግንልኝ» ቢለኝም ከዋጋው መቀነስን መረጥኩ። ሻጭ ሲያስጠግን ገዢው ሥራውን እንደገና ያስመረምራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ውሉን በጠበቃ ያስመረመርኩት ሳልፈርም ነው። የቀብድ ሕግ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ይህን ወጪ ማንም ሻጭ ባይሸሸው እመክራለሁ። ጠበቃው የጨመረልኝ አንድ ነገር እያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ በቀነ ገደቡ መሟላቱ ወይም መነሣቱ በገዢው ፊርማ እንዲረጋገጥ ነው። ብድሩ በተፈቀደለት ዕለት ገዢው ደውሎ ቢያበሥረኝም «ደብዳቤውን ላክልኝ» ነው ያልኩት። እስከዚያ ድረስ ሦስተኛውን ገዢ በተጠባባቂነት ያዝኩት፤ የእሱ ስምምነት የሚጸናው ከሁለተኛው ገዢ ጋር የተፈራረምነው ውል መፍረሱ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ እንደሆነ በግልጽ አስፍረን፤ አለበለዚያ አንድ ቤት ለሁለት ሰው መሸጥ ይሆናል። የመጨረሻው ማረጋገጫ እጄ እንደገባ ለእሱም መልቀቂያውን ላክሁለት።