ሮቶውን ያጎደለው ጠብታ

እኛ ሰፈር፣ ቃሊቲ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ሌሊት። በነዚያ ሌሊቶች ሮቶው ካልሞላ ሳምንቱን ሙሉ ጭንቀት ነው። ስለዚህ የወጥ ቤታችን ቧንቧ መንጠብጠብ ሲጀምር ቀድማ እንቅልፍ ያጣችው እናቴ ነበረች። ከምንጭ በእንስራ ውሃ እየቀዳች ያደገች ሴት ናት። ጠብ፣ ጠብ ሲል ከሰማች ሌሊት ተነስታ ሳፋ ታስቀምጥበታለች። ጠዋት በዚያ ውሃ ዕቃ እናጥባለን።

እኔ ግን ለሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ጠብታ ምን ያህል ነው ብዬ። የማደርገው ነገር ቢኖር እጀታውን ጠበቅ አድርጎ መዝጋት ብቻ ነበር። አንድ እሁድ ግን ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከስሩ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። በ3 ሰዓት ውስጥ ሞላ። በቀን 16 ሊትር፣ በወር 480 ሊትር ማለት ነው። 24 ጄሪካን! ፈረቃ ሲዘገይ አንዷን ጄሪካን ከየት እንደምናመጣት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ካቻቢቴና እንግሊዝ ቁልፍ ከጎረቤት ተዋስኩ።

መጀመሪያ የት እንደሚያፈስ አየሁ። ውሃው የሚመጣው ከቧንቧው አፍ ነው፣ ግድግዳው ጋ ካለው መጋጠሚያ አይደለም። ይህን መለየት ጠቃሚ ነው። ከመጋጠሚያው ቢሆን ኖሮ ቧንቧውን ነቅሎ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን፣ ያቺን ነጭ ስስ ጥቅልል፣ ጠምጥሞ መመለስ ነበር ሥራው። ከአፉ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ውስጥ ነው።

ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ መዝጊያውን ዘጋሁና ተመልሼ መፍታት ጀመርኩ። ሁለት ዙር እንደፈታሁ ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። ለካ ቆጣሪውን መዝጋት የሚያቆመው ከመንገድ የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው። ሮቶው ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ወጥ ቤቱ ይወርዳል። እናቴ ሮጣ ከሮቶው ስር ያለውን መዝጊያ ዘጋችው። የፈሰሰውን ስትጠርግ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ቀን የባከነው ውሃ የስንት ቀን ጠብታ ይሆናል። ሮቶ ያለው ቤት ከሆነ እባካችሁ መጀመሪያ የሮቶውን መዝጊያ ዝጉ፣ ቀጥሎ ቧንቧውን ከፍታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቁልፍ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ረጋ ያለ ነበር። የገንዳውን ቀዳዳ በዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ደፈንኩ፣ ትንሿ ብሎን እንዳትገባብኝ። እጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን በቢላ ጫፍ አነሳኋት። ከስሯ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ፈትቼ እጀታውን ሳብኩት። ከዚያ ባለ ስድስት ጎኑን ናስ በእንግሊዝ ቁልፍ ወደ ግራ ፈታሁት። ቁልፉ እንዳይቧጭረው በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት።

የወጣው ነገር ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ጎሚኒ አለች። ከሳንቲም ታንሳለች። ቧንቧ ሲዘጋ እሷ ናት ወርዳ የውሃውን መግቢያ የምትደፍነው። የኛዋ ዙሪያዋን በክብ ተቆርጣለች፣ ድንጋይ ሆናለች። የቆረጣት ደግሞ የኔ እጅ ነው። በተንጠባጠበ ቁጥር አጥብቄ ስዘጋ ጎሚኒዋን ናሱ ላይ እየጨፈለቅኩ ነበር። በተቆረጠች ቁጥር የበለጠ ታፈሳለች፣ እኔም የበለጠ አጠብቃለሁ።

አሮጌዋን ይዤ ወደ ቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ እጄ ላይ ሲያያት፣ «ጎበዝ፣ ይዘሽ መምጣትሽ ጥሩ ነው። ግማሽ ነው እያሉ በቃል የሚገዙት ሁሌ ይመልሱታል» አለኝ። ግማሽ ኢንች የሚባለው ለቧንቧው እንጂ ለጎሚኒዋ አይደለም ለካ። አንዱ ወፈር፣ አንዱ ሳሳ ይላል። «ጋሼ፣ ሦስት ይስጡኝ» አልኩት። ዋጋዋ ከታክሲ ሂሳቤ አነሰ።

ገጥሜ ውሃውን ለቀቅኩ። አሁንም ይንጠባጠባል። ቀስ ብሎ፣ ግን ይንጠባጠባል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ልተወው ነበር።

እንደገና ፈትቼ ትንሿን ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኳት። ጎሚኒዋ የምታርፍበት የናስ ከንፈር ይሻክራል። በስልክ መብራት ሳየው ነጭ ነገር ጋግሮበታል። የማንቆርቆሪያችን ስር ላይ የሚጋገረው ዓይነት ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ብቻ አይመጣም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከመሬት ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ቅርፊት ይተዋል። ምንም አዲስ ጎሚኒ ቢገባ ሻካራ ላይ አርፎ ውሃ ሊይዝ አይችልም። ጨርቅ በአቼቶ ነክሬ ግማሽ ሰዓት ወሸቅኩበት። ቅርፊቱ ለሰለሰ። ከዚያ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ዙሪያውን በቀስታ አሸሁት። ናሱ እንዳይበላ ኃይል አልጠቀምኩም። ብናኙ እንዲወጣ መዝጊያውን ለአንድ አፍታ ከፍቼ ከስር ባልዲ ይዤ አጠብኩት።

ስመልስ አንድ ነገር አስተካከልኩ። ናሱን ከማጥበቄ በፊት እጀታው የሚገጠምበትን ዘንግ ወደ መክፈቻው አዞርኩት። ተዘግቶ ሳለ ከጠበቀ አዲሷ ጎሚኒ ገና ሥራ ሳትጀምር ትጨፈለቃለች።

ያን ሌሊት እናቴ ሳፋውን በልማዷ አስቀመጠችው። ጠዋት ደረቅ ነበር። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ አሁን በሁለት ጣት ነው የምንዘጋው። እንግዳ ሲመጣ ሳይቀር እናቴ «በቀስታ ዝጉት፣ አታጥብቁት» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን የእትዬ ቧንቧ አንጠባጠበና ጠሩኝ። የቀሩኝን ሁለት ጎሚኒዎች ይዤ ሄድኩ። የእሳቸው ግን በሩብ ዙር የሚዘጋው አዲሱ ዓይነት ነው፣ ውስጡ ጎሚኒ ሳይሆን ሁለት የሴራሚክ ክቦች ናቸው የሚገጥሙት። እሱ ሲበላ የውስጡ ዕቃ ሙሉውን ይቀየራል። ፈትቼ በፌስታል ጠቅልዬ አሰናዳሁላቸውና አብረን ወደዚያው ሱቅ ሄድን።