ያልተተኮሰው ሁለተኛ ጥይት

ሊበላይ የሚባለውን የጀርመን ፊልም ያላያችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ፣ መጨረሻውን ሳልነካ ስለሱ ማውራት አልችልም። የወጣው በ1933 (እ.ኤ.አ) ነው፣ ዳይሬክተሩ ማክስ ኦፉልስ፣ ታሪኩ ከአርተር ሽኒትስለር ድራማ የተወሰደ። ፊልም ድምፅ ካወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፣ ኦፉልስ ግን ድምፁን መቼ ማጥፋት እንዳለበት ከወዲሁ ገብቶታል፣ እኔ ፊልሙን የምወደው በዚህ ነው።

የሚጀምረው ቪየና ኦፔራ ቤት ውስጥ ነው። ሞዛርት እየተጫወተ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባለበት፣ ሰው ሁሉ እንደየደረጃው ተቀምጦ። አንድ ባሮን (መኳንንት ነው) ከነሚስቱ ከትልልቆቹ ጋር፣ ዋናዋ ልጅ ክሪስቲነና ጓደኛዋ ሚትሲ ፎቅ ላይ ርካሹ ቦታ፣ የክሪስቲነ አባት ደግሞ ከመድረኩ ስር ኦርኬስትራ ውስጥ። ሚትሲ የቲያትር መነጽሯ ከእጇ አምልጦ ታች ይወድቃል፣ በሱ ሰበብ ከሁለቱ መኮንኖች ከፍሪትስና ከቴዎ ጋር ይተዋወቃሉ። ፍሪትስ ግን ከባሮኑ ሚስት ጋር ግንኙነት አለው፣ ባሮኑም ጠርጥሯል። አንድ አዳራሽ ብቻ አሳይቶ ማን ከማን በላይ እንደሆነ፣ ማን ማንን ሊያጠፋ እንደሚችል ጨረሰልን እኮ!

ከዛ ፍሪትስ ክሪስቲነን ከልቡ ይወዳታል፣ የባሮኑን ሚስትም ይተዋታል፣ በበረዶ ላይ በፈረስ ተንሸራታች እየሄዱ ለዘላለም እወድሻለሁ እወድሃለሁ ይባባላሉ፣ ግን ባሮኑ ያለቀውን ነገር ደርሶበት ሽጉጥ እንግጠም ይለዋል። ቴዎ ይሄ ግድያ ነው ብሎ አለቃው ፊት ይሟገታል፣ ማን ይስማው፣ የመኮንን ክብር ነዋ።

ግጥሚያው ላይ ቴዎና ሚትሲ ራቅ ብለው ቆመው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ የሚተኩሰው ባሮኑ ነው። አንድ ጥይት ተሰማ። አሁን የፍሪትስ ተራ ነው፣ እነሱም ይጠብቃሉ እኛም እንጠብቃለን፣ ሁለተኛው ከተሰማ በሕይወት አለ ማለት ነው... አይሰማም። ሬሳ የለ፣ ደም የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሙዚቃ እንኳን የለም። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የሞት ትዕይንቶች እንደዚህ ያስጨነቀኝ የለም፣ ደግሞ ምንም አላየሁም እኮ።

ማግዳ ሽናይደር ክሪስቲነን ሆና መርዶውን ስትሰማ ፊቷን ለማየት ብቻ እንኳን ፊልሙ ይታያል። እየደጋገመች ትጠይቃለች፣ ለኔ ብሎ ሳይሆን በሌላ ሴት ምክንያት መሞቱን ቀስ በቀስ ትረዳለች፣ ካሜራውም ዞር አይልላትም።

ኦፉልስ አይሁዳዊ ነበር። ፊልሙ በወጣበት ሰሞን ሂትለር ሥልጣን ይዞ ነበር፣ ኦፉልስም የጀርመን ፓርላማ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ አገሩን ጥሎ ወጣ። ናዚዎቹ ፊልሙን ጀርመን ውስጥ ማሳየት አላቆሙም፣ የሱን ስም ግን ከፊልሙ ላይ አወጡት! የሽኒትስለርን መጽሐፎች ደግሞ በዛው ዓመት ግንቦት ላይ አቃጠሏቸው። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የምናደደው፣ ሥራውን ወደውት ሰውየውን ጠሉት።

በ1958 (እ.ኤ.አ) ታሪኩ እንደገና በከለር ተሠርቷል፣ የማግዳ ልጅ ሮሚ ሽናይደር የእናቷን ቦታ ይዛ፣ ከአላን ደሎን ጋር። ቆንጆ ነው፣ ሮሚንም እወዳታለሁ፣ ግን አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ የእናትየውን እዩ።