የርቀት ሠራተኞቻችንን ከይለፍ ቃል ወደ ስማርት ካርድ ያሻገርኩበት መንገድ

ከቢሮ ውጭ ሆነው ወደ ሰርቨሮቻችን የሚገቡ ሠራተኞች እየበዙ ሲሄዱ የይለፍ ቃል ጉዳይ እንቅልፍ ነሣኝ። ቃሉ ይርዘም፣ በየጊዜው ይቀየር ብንልም ዋናው ጉድለት እዚያው አለ፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር አስመሳይ ገጽ ላይ ከጻፈው አስረከበ ማለት ነው። በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድም ብዙ አያድንም። አስመሳዩ ገጽ ኮዱን ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ለእውነተኛው ሰርቨር ያቀብለዋል። የርቀት መግቢያችን ቪፒኤን (ወደ ውስጥ ኔትወርካችን የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) እና ኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ በትእዛዝ ማስተዳደሪያ) ብቻ ስለነበር ሁለቱንም በስማርት ካርድ፣ ማለትም ቺፕ ባለው ካርድ፣ ለመቆለፍ ወሰንኩ።

ካርዱ የሚሠራው ነገር ሲነገር አጭር ነው። የመግቢያው የግል ቁልፍ፣ ማለትም ለመፈረም የሚያገለግለው ምስጢራዊ ቁጥር፣ እዚያው ቺፑ ውስጥ ይፈጠራል፣ ከዚያም አይወጣም። ሰርቨሩ በየመግቢያው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ያቀርባል፤ ባለቤቱ ፒኑን ሲያስገባ ካርዱ ይፈርማል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ፊርማውን በሰርተፍኬቱ (ቁልፉ የማን እንደሆነ በሚመሰክረው ዲጂታል ሰነድ) ላይ ባለው፣ የግል ቁልፉ ጥንድ በሆነው ይፋዊ ቁልፍ ያመሳክራል። ፒኑ በኔትወርኩ ላይ አይጓዝም። በቲኤልኤስ፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ፕሮቶኮል፣ ፊርማው የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ጨምሮ እስከዚያ የተለዋወጡትን መልእክት ሁሉ ስለሚያካትት፣ መሐል የገባ አስመሳይ ገጽ ፊርማውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ግንኙነት ሊያሻግረው አይችልም። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ጥቅም ይኸው ነው።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ጥናቶችን አገላብጬ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የይለፍ ቃልን በማይታመን መስመር ላይ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል አሳየ። ህዋንግና ሊ በ2000 ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ሰንጠረዥ ሳይዝ በስማርት ካርድ የሚያረጋግጥ ዘዴ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ቻንና ቼንግ ክፍተቱን አወጡት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አንዱ ሲያቀርብ ሌላው ሲያፈርስ የሚታይበት ረዥም ሰልፍ ነው። ብዙዎቹ ዘዴዎች ከይለፍ ቃሉ የተገኘ መረጃ ካርዱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ኮከርና ባልደረቦቹ ግን በ1999 ቺፕ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል በመለካት ብቻ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። መረጃው አንዴ ከወጣ የይለፍ ቃሉን ቁጭ ብሎ መገመት ነው። ንባቡ ጠቀመኝ፤ የራሴን ዘዴ ከመፈልሰፍ አዳነኝ። የተለመደው የሰርተፍኬት ደረጃ ኤክስ.509 እና ቲኤልኤስ አሰልቺ ቢሆኑም ስንቱ መርምሯቸዋል።

ካርዱን በፒአይቪ ደረጃ መረጥኩ። የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኞቹ መታወቂያ በ2005 ያወጣው ደረጃ ነው፤ ለሌላው የሚመቸው ግን ዊንዶውስም ማክም የሚያውቁት፣ ሊኑክስም ኦፕንኤስሲ በተባለው ሶፍትዌር በኩል የሚያነበው በመሆኑ ነው። ቁልፎቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ 9ኤ ለመግቢያ፣ 9ሲ ለሰነድ ፊርማ፣ 9ዲ ለምስጠራ። ይህ ክፍፍል ከንቱ ወግ አይደለም። የምስጠራ ቁልፍ ከጠፋ የተመሰጠረው ሰነድ አብሮ ስለሚጠፋ ቅጂ ይያዝለታል። የመግቢያ ቁልፍ ግን ቅጂ ሊኖረው አይገባም፤ መጠባበቂያው ሌላ ቁልፍ ያለበት ሁለተኛ ካርድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ካርድ እንዲገዛ ስጠይቅ በጀት የያዙት ሰዎች ፊታቸውን አጠቆሩ። አልለቀቅኩም፤ ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ቴክኒኩ ላይ ብዙ ጊዜ የበላው ነገር ያልጠበቅኩት ቦታ ነበር። የቪፒኤን ሰርቨሩ ወደ ቲኤልኤስ 1.3 ሲያድግ አርኤስኤ በተባለው የፊርማ ዘዴ የሚሠራ ቁልፍ ያላቸው አንዳንድ ካርዶች እንቢ አሉ፤ የስሕተት መልእክቱም ፊርማ አልተሳካም ከማለት ውጭ ፍንጭ የለውም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ 1.3 ለመግቢያው ፊርማ የድሮውን የአርኤስኤ ፊርማ አሞላል (መልእክቱ ከመፈረሙ በፊት የሚሞላበትን ቅርጽ) ትቶ ፒኤስኤስ የተባለውን ብቻ ይቀበላል፤ በካርዱና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው አሮጌ ሶፍትዌር ደግሞ ፒኤስኤስን አያውቅም። ወደ 1.2 መመለስ በአንድ መስመር የሚያልቅ ማስተካከያ ነበር። ነገር ግን በ1.2 የተጠቃሚው ሰርተፍኬት ሳይመሰጠር ስለሚያልፍ መስመሩን የሚያዳምጥ ሁሉ ማን እየገባ እንደሆነ ስሙን ያነባል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን አደስን፤ አዳዲሶቹን ካርዶች ደግሞ ይህ ጣጣ ወደሌለበት ሌላ የቁልፍ ዓይነት፣ ወደ ፒ-256 ኤሊፕቲክ ከርቭ፣ አዞርናቸው።

ኤስኤስኤች ሌላ ዓለም ነው። የምንጠቀምበት የኤስኤስኤች ሶፍትዌር ኦፕንኤስኤስኤች ከስሪት 5.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 አንስቶ፣ ፒኬሲኤስ 11 በተባለው የመነጋገሪያ ደረጃ በኩል ከካርድ ጋር ይነጋገራል። ነገር ግን ከካርዱ የሚወስደው ይፋዊ ቁልፉን ብቻ ነው፤ የኤክስ.509 ሰርተፍኬቱን አይመለከትም። ይህ ማለት የአንድን ሰው ሰርተፍኬት ብትሰርዙም ቪፒኤኑ ይዘጋበታል እንጂ ኤስኤስኤቹ ክፍት ነው። መፍትሔ ያደረግነው ሰርቨሮቹ የተፈቀዱ ቁልፎችን ከየራሳቸው ፋይል ማንበባቸውን ትተው በየመግቢያው ከአንድ ማዕከላዊ መዝገብ እንዲጠይቁ ነው። ኤጀንትን፣ ማለትም በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ካርዱን የሚያስፈርመውን ፕሮግራም፣ ወደ ሩቅ ሰርቨር ማሻገርንም ከለከልን፤ ካርዱ ተሰክቶ ፒኑም ገብቶ ከሆነ ወደ ሌሎቹ ሰርቨሮች በሚታለፍበት የመሸጋገሪያ ሰርቨር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው በባለቤቱ ስም ማስፈረም ይችላልና። በምትኩ ግንኙነቱ በመሸጋገሪያው ውስጥ አልፎ እንዲሄድ የሚያደርገውን የዝላይ አማራጭ እንጠቀማለን።

ስረዛ ራሱ ሁለት ጥያቄ ያመጣል። የተሰረዙ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር ጊዜው አልፎበት አዲስ ባይመጣ ሰርቨሩ ያስገባ ወይስ ይዝጋ? ይዝጋ አልን፤ ስለዚህ የዝርዝሩን መታደስ የሚከታተል ማንቂያ ግድ ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ ሰርተፍኬት ሲሰረዝ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በራሱ አለመቋረጡ ነው። ያንን የሚቆርጥ እርምጃ በስረዛው ሂደት ውስጥ ለብቻው ተጻፈ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ካርድ ልመለስ። የፒአይቪ ፒን ከ6 እስከ 8 አኃዝ ነው፤ አጭር ቢመስልም ተደጋግሞ ሲሳሳት ካርዱ ስለሚቆለፍ ይበቃል። ጉዱ የሚፈላው ከተቆለፈ በኋላ ነው። ሠራተኛው ይደውላል፤ ስብሰባ ሊጀመር ነው፣ አለቃው ይጠብቃል፣ «ለዛሬ ብቻ በይለፍ ቃል አስገባኝ» ይላል። ይህን የሚቀበል የድጋፍ ክፍል ካለ ካርዱ ላይ ያፈሰስነው ገንዘብ ሁሉ ዋጋው በስልክ ላይ ያለውን ሰው ድምፅ ያህል ነው። ሰርጎ ገብ ምስጠራውን ለመስበር አይደክምም፤ ይደውላል። ስለዚህ የይለፍ ቃል መንገዱን ከነጭራሹ አጠፋነው። ሁለተኛ ካርድ ያለው በእሱ ይገባል። ሁለቱም የጠፉበት ሰው በአካል ይመጣል፤ መምጣት ካልቻለ የቅርብ ኃላፊው በቪዲዮ አይቶት ይመሰክራል፣ ከድጋፍ ክፍሉ ሁለት ሰዎችም ያጸድቃሉ። የመክፈቻ ኮዱንም አንድ ሰው ብቻውን አያየውም። ቅሬታ ነበር፤ በተለይ ከላይኞቹ ኃላፊዎች። ለእነሱ የተለየ በር እንዳይከፈት የተከራከርኩትን ያህል ስለ ቁልፍ ርዝመት አልተከራከርኩም።

የካርዶቹን መዝገብ ስናዘጋጅ ማን የትኛውን እንደያዘ ብቻ ሳይሆን የቺፑን ዓይነትና የሶፍትዌሩን ስሪት ጭምር እንድንመዘግብ አደረግኩ። ይህን ያስተማረኝ በ2017 ይፋ የሆነው ሮካ የተባለ ጉድለት ነው። በቺፕ አምራቹ ኢንፊኒየን ቺፖች ላይ አርኤስኤ ቁልፍ የሚፈጥረው ኮድ ደካማ ቁልፍ ያወጣ ስለነበር ኢስቶኒያ ውስጥ ብቻ 750,000 ያህል መታወቂያዎች ችግር ላይ ወደቁ። ቁልፉ ካርዱ ውስጥ ተፈጥሯል ማለት በደንብ ተፈጥሯል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ የትኞቹ ካርዶች መቀየር እንዳለባቸው በአንድ ጥያቄ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካርድ የታመመ ላፕቶፕ አይፈውስም። የቁልፍ ሰሌዳውን የሚሰልል ፕሮግራም ፒኑን ይዞ ካርዱ እስከተሰካ ድረስ ማስፈረም ይችላል። ለሰርቨር አስተዳዳሪዎች በእያንዳንዱ ፊርማ በጣት መነካት የሚፈልጉትን መሣሪያዎች የሰጠነው ለዚህ ነው፤ ለሌሎቹ ግን ልማዱ ካርዱን ነቅሎ መሄድ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይሆንም።

ዛሬ ከዜሮ ብጀምር በድረ ገጽ ብቻ ለሚሠሩት ፊዶ2 የተባለውን ያለ ይለፍ ቃል የመግቢያ ደረጃ የሚከተል የደኅንነት ቁልፍ እሰጣለሁ፤ ሰርተፍኬት ሰጪ ማቋቋም አይጠይቅም፣ ከድረ ገጹ ስም ጋርም የተቆራኘ ነው። ኦፕንኤስኤስኤችም ከስሪት 8.2 ጀምሮ ይቀበለዋል። ሰነድ ለሚፈርሙ፣ የተመሰጠረ ፋይል ለሚከፍቱና በሰርተፍኬት ቪፒኤን ለሚገቡ ግን አሁንም ስማርት ካርዱን አልቀይርም።