ሪፕሌስ ኦል ተጭኜ የሰው ጥናት ካበላሸሁ በኋላ የተማርኩት

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ዲፌንስ፣ የመመረቂያ ጥናታቸውን መምህራን ፊት የሚያቀርቡበት ቀን፣ የደረሰባቸው ተማሪዎች ፍላሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ታይፑን ከጨረስኩ በኋላ «እህቴ እንግሊዝኛውንም አንዴ እይልኝ» ይሉኛል፣ እኔም እንግሊዝኛ ስለምወድ አያለሁ፣ ለዚህ ብዬ የማስከፍለው የለም። የማወራችሁ ነገር የደረሰው እንደዚህ አይቼ ነው።

አንድ የኮምፒውተር ተማሪ የመጨረሻ ሪሰርቹን ሰጠኝ፣ ነገ ጠዋት አራት ኮፒ ተጠርዞ ይፈለጋል፣ ማታ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ብቻዬን እየሰራሁ ነው። ከዚያ በፊት ከላቲንና ከግሪክ የመጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲበዙ ኤስ ከመጨመር ይልቅ የድሮ መልካቸውን ቢይዙ ይሻላል፣ የተማረ ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው የሚል ነገር አንብቤ በልቤ ይዤዋለሁ። እና ልጁን ልጥቀመው ብዬ ፎርሙላስ የሚለውን ሁሉ ወደ ፎርሙሊ፣ ኢንዴክስስ የሚለውን ወደ ኢንዲሲስ፣ ፎከስስ የሚለውን ወደ ፎሳይ ቀየርኩት፣ አንድ በአንድ ሳይሆን አንዱን ቃል በጽሑፉ ሁሉ ባንዴ የሚቀይረውን ሪፕሌስ ኦል ተጭኜ ነው፣ ከዚያ ፕሪንት አድርጌ ጠርዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ልጁ ተመለሰ። አልተቆጣም፣ አልተናገረም፣ ጥራዙን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና ዝም አለ። አብስትራክቱ ላይ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር በቀይ ተከቧል። «ዚስ ስተዲ ፎከስስ ኦን» ነበር ልጁ የጻፈው፣ ይህ ጥናት የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው ለማለት። እኔ ግን «ዚስ ስተዲ ፎሳይ ኦን» አድርጌዋለሁ። በአማርኛ ሲታሰብ «ይህ ጥናት ያተኩራል» የሚለውን «ይህ ጥናት ትኩረቶች» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ፎከስስ ስምም ግስም ሆኖ ፊደሉ አንድ ነው፣ ፎሳይ ግን ስም ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ስምና ግስ አይለይም። ገለጥ ሳደርገው «ሲስተሙ ፋይሎቹን ኢንዴክስ ያደርጋል» የሚለውም ቦታ እንደዚሁ ተበላሽቷል። አራቱንም ኮፒ በራሴ ወረቀት ደግሜ አተምኩለት፣ ወረቀቱ ምንም አይደለም፣ ያ ልጅ ያላጠፋውን ጥፋት በኔ ምክንያት ቆሞ መስማቱ ነው ለብዙ ቀን እንቅልፍ የነሳኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መማር የጀመርኩት።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ለህክምና ከሰላ ድንጋይ መጥተው ቤቴ አርፈው ነበር። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አያውቁም። ቀን ቀን ሱቅ እየመጡ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እኔ ስብሰለሰል አይተው «ምን ሆንሽ ልጄ» አሉኝ፣ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይሄ የኛም ነገር አይደል እንዴ» አሉ። «ቤተ መጻሕፍት ትያለሽ፣ ቤተ መጽሐፎች የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን መጽሐፎቼን አምጪልኝ ብልሽ ማን ያርመኛል? ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ቦታቸው ነው የተለያየው።»

እውነታቸውን ነው። እኛ ከግዕዝ የወረስነው የብዛት መንገድ አለን፣ መምህር መምህራን፣ ኮከብ ከዋክብት፣ ቄስ ቀሳውስት፣ ከሱ ጎን ደግሞ የአማርኛው «ኦች» አለ፣ መምህሮች፣ ኮከቦች፣ ቄሶች። እንግሊዝኛም ያው ነው፣ ሊቃውንቱ ከላቲንና ከግሪክ ቃል ሲወስዱ አንዳንዱን ከነ ብዙ ቁጥሩ ወሰዱት፣ አንዳንዱን ኤስ ጨመሩበት፣ ለአንዳንዱ ሁለቱንም አስቀሩለት።

የኔታ ደግሞ ሌላ ጨመሩልኝ። «ዲያቆን ከየት የመጣ ቃል ነው?» አሉኝ። ከግሪክ አልኳቸው። «ጳጳስስ?» እሱም ከግሪክ። «ታዲያ ዲያቆናት፣ ጳጳሳት የምንለው በግሪክ ደንብ ነው? ግዕዝ ተቀበላቸው፣ የራሱን ልብስ አለበሳቸው፣ አበቃ። እንግዳ የቤቱን ይበላል።» ይሄን ስሰማ ነው ስታዲየምስ፣ ሙዚየምስ፣ አልበምስ ብሎ መጻፍ ያልተማረ ሰው ስራ አለመሆኑ የገባኝ።

በነጋታው ደብተር ገዛሁና ሶስት ቦታ ከፈልኩት። አንደኛው ምርጫ የሌላቸው፣ የድሮውን ብቻ የሚይዙ፦ አናሊሲስ ሲበዛም ለጆሮ አናሊሲስ ነው የሚመስለው፣ ግን ሲጻፍ ከመጨረሻው ኤስ በፊት አይ (i) የነበረው ፊደል ኢ (e) ይሆናል፣ ክራይሲስ፣ ሃይፖቴሲስ፣ ቴሲስም እንደሱ ናቸው፣ ባክቴሪየም ባክቴሪያ፣ ስቲሙለስ ስቲሙላይ። ሁለተኛው ኤስ ብቻ የሚወስዱ፦ ቦነስ፣ ሰርከስ፣ ቫይረስ። ቫይረስን «ቫይሪ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገጥሞኛል፣ በጥንቱ ላቲን ቃሉ መርዝ ማለት ነው፣ እንደ ወተት እንደ ውሃ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የሚወረስ ብዙ ቁጥርም አልነበረውም። ስታተስም እንደዚሁ «ስታታይ» አይባልም፣ ላቲኑ ራሱ በአይ አያበዛውም። በአስ ያለቀ ሁሉ አይ የሚወስድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነበርኩ። ኦክቶፐስ ጭራሽ መሰረቱ ግሪክ ነው፣ ኦክቶፓይ የሚለው የላቲን ኮፍያ ተደፍቶለት ነው፣ ኦክቶፐስስ ብሎ መገላገል ይሻላል።

ሶስተኛው ክፍል ነው ስራ ያለበት፣ ሁለቱም የሚባሉት። እዚህ ላይ የተማረ የሚመስለውን መምረጥ ትቼ የማን ጽሑፍ ነው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ስለ ሬዲዮ ሞገድ የጻፈውን ሳይ አንቴናስ ይላል፣ ድሮ ቢሆን አንቴኒ አደርገው ነበር። አንቴኒ ግን የነፍሳት ጭንቅላት ላይ ያለው ነው፣ የቢራቢሮ፣ የንብ። ጣራ ላይ የሚሰቀለው ብረት ሲበዛ አንቴናስ ነው። ብቀይረው የልጁ ጥናት ስለ ንብ ይሆን ነበር። ኢንዴክስም ሒሳብና ኢኮኖሚክስ ውስጥ ኢንዲሲስ ይባላል፣ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለው የቃላት ማውጫ ሲበዛ ግን ኢንዴክስስ ነው። ሚዲየምም ሲበዛ ሚዲያ ነው፣ ከሙታን መንፈስ ጋር እናገናኛለን ለሚሉት ሰዎች ግን ሚዲየምስ። የኔታ ስለ መጻሕፍትና መጽሐፎች ያሉኝ ማለት ነው።

ዲክሽነሪ አያያዝም ተማርኩ። ድሮ ቃሉ ካለ አለ ብዬ አልፍ ነበር። መሪያም ዌብስተር ላይ ሁለት ብዙ ቁጥር ሲሰጥ በመሀላቸው «ኦር» ካለ ሁለቱም እኩል ይሰራባቸዋል ማለት ነው፣ «ኦልሶ» ካለ ግን ኋላ የመጣው ብዙ አይለመድም። ይቺን ትንሽ ቃል ለስንት ጊዜ ዘልያት እንዳለፍኩ ሳስብ ይቆጨኛል።

ዳታ ላይ ከተማሪዎች ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ነጠላው ዴተም ነው፣ ስለዚህ በደንቡ «ዳታ አር» ነው፣ በንግግር ግን ሰው ሁሉ «ዳታ ኢዝ» ይላል፣ ያም ጥፋት አይደለም። እኔ አሁን የማደርገው ጥናቱ ኤፒኤ በሚባለው የጥናት አጻጻፍ ደንብ ከሆነ አር አደርገዋለሁ ምክንያቱም ኤፒኤ ዳታን እንደ ብዙ ነው የሚይዘው፣ ካልሆነ የልጁን እተወዋለሁ፣ ግን ምዕራፍ አንድ ላይ ኢዝ ምዕራፍ አራት ላይ አር ከሆነ አላልፈውም። አድቫይዘሮች ቀይ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ መደባለቁን ነው።

እኛ ሀገር ከሁሉ የበዛው ስህተት ግን ክራይቴሪያስ፣ ፊኖሜናስ፣ ዳታስ የሚለው ነው። የበዛውን መልሶ ማብዛት። ይሄን ለየኔታ ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ፣ «ሊቃውንቶች ብለው እንደሚናገሩት በይኛ» አሉ፣ «መላእክቶች፣ ሕፃናቶች! ጋቢ ላይ ጋቢ!» እኔ ደግሞ ዝም አላልኩም፣ «ነገሥታትስ የኔታ? ንጉሥ፣ ነገሥት፣ ከዚያ ነገሥታት አይደለም?» አልኳቸው። ትንሽ ቆዩና «እሱ ድሮ ተደርቦ አብሮ የተሰፋ ነው፣ አሁን ላውልቀው ብትይ ይቀደዳል» አሉ። ቀጥለው ራሳቸው አህጉርን አነሱልኝ። አህጉር የሀገር ብዙ ቁጥር ነው በግዕዝ፣ ዛሬ ግን አፍሪካ አንድ አህጉር ናት እንላለን፣ ሲበዛም አህጉራት እንላለን፣ ማንም ቅር አይለውም። እኔም አጀንዳን ነገርኳቸው፣ በላቲን ብዙ ቁጥር የነበረ፣ በእንግሊዝኛ ነጠላ ሆኖ አጀንዳስ የሚባል። ሁለታችንም ደስ አለን፣ የሆነ ዘመድ ያገኘን ነው የመሰለን።

ለተማሪዎቼም የምነግራቸው ይሄንኑ ነው፣ አማርኛ ላይ ሚዲያዎች ስትል ልክ ነህ፣ ለኛ ሚዲያ ነጠላ ሆኖ ነው የገባው፣ ያንን ይዘህ ወደ እንግሊዝኛ ስትመለስ ነው ሚዲያስ የሚወጣህ። እንደዚህ ስላቸው ቶሎ ይገባቸዋል፣ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የሚሳሳቱት፣ በራሳቸው ቋንቋ ደንብ እያሰቡ ነው።

ስራ ላይ ደግሞ ሪፕሌስ ኦል እርም ብያለሁ። ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልገውን ምልክት አደርግና ፋይንድ ኔክስት እያልኩ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር አንብቤ ነው የምቀይረው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሰልፍ ያለበት ተማሪ ያጉረመርማል፣ ይጠብቅ። የቀየርኩትንም በቀለም አሳይቼ ባለቤቱ ካላየው አላትምም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ የቋንቋ ተማሪ ቴሶረስ፣ ተመሳሳይ ቃላት የሚሰበስበው መዝገበ ቃላት፣ ሲበዛ ምን ይሆናል አለችኝ። ደብተሬ ላይ አልነበረም፣ አብረን አየነው፣ ሁለቱም አለ፣ ቴሶራይም ቴሶረስስም። ጻፍኩትና ወዲያው ለየኔታ ደወልኩ፣ መዝገበ ቃላት ሲበዛስ ምንድነው አልኳቸው።

«መዛግብተ ቃላት» አሉ ሳያስቡ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግን ገበያ ሄደሽ ሁለት ስትገዢ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት ስጠኝ ነው የምትይው።»