ቲማቲሜን ያደረቀው ፈንገስና የአፈሬ አሲዳማነት

ሆለታ አካባቢ ባለኝ የላስቲክ ቤት ቲማቲም ማምረት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍሬ መያዝ የጀመሩ ተክሎች ቀን ጠውልገው ማታ ቀና ይሉ ጀመር፤ ከቀናት በኋላም የታችኛው ቅጠላቸው በአንድ ጎን ብቻ ቢጫ ሆነ። አንዱን ነቅዬ ግንዱን በምላጭ ወደ ታች ስሰነጥቀው፣ ከልጡ ሥር ያለው የውኃ መተላለፊያ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ፉዛሪየም የተባለ የአፈር ፈንገስ የሚያመጣው አጠውልግ በሽታ ነበር።

ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ደጋግሜ አጠጣሁ፤ ገንዘቤን ከመጨረስ በቀር ለውጥ አላየሁም። አፈሩን ሳስመረምር ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.1፣ ፎስፈረሱም ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ተገኘ። የአካባቢያችን ቀይ አፈር ድሮም አሲዳማ ነው፤ እኔ ደግሞ በዩሪያና ፎስፈረስ ባለው ዳፕ ማዳበሪያ አባብሼዋለሁ። ዩሪያ አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየሙን ሥሩ ሲመጥጠውም ሆነ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለውጡት አሲድ ይፈጠራል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ደግሞ ፉዛሪየም አጥብቆ የሚፈልጋቸው ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ በቀላሉ ይሟሟሉ። ፈንገሱን ስዋጋ የነበረው እንግዲህ ራሴ በማዳበሪያ ባመቻቸሁለት አፈር ላይ ነው።

ቀጣዩን ችግኝ ከማዛወሬ ሦስት ወር አስቀድሜ፣ አሲዱን የሚቀንስ የተፈጨ የግብርና ኖራ በምርመራው ውጤት መጠን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ። ዩሪያውን በካልሲየም ናይትሬት ተካሁ፤ ሥር ናይትሬትን ሲመጥጥ በዙሪያው ያለው አሲድ ይቀንሳልና። ዳፕን ተውኩ። ፎስፈረስ የተትረፈረፈለት ተክል፣ ስኳር ተቀብሎ ፎስፈረስ የሚያቀብለውን ማይኮራይዛ የተባለ ጠቃሚ ፈንገስ ወደ ሥሩ እምብዛም አያስጠጋም፤ ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ብዙ ማዳበሪያ ባላባከንኩ ነበር።

ፒኤቹ 6.4 ሲደርስ፣ ከሦስት ተክል አንዱ ይደርቅበት የነበረው ቤት በየመደቡ ጥቂት ብቻ የሚጠወልግበት ሆነ። ይሁን እንጂ የፈንገሱ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ዘሮች አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መትከሌን አላቆምኩም።

በአንዱ መደብ ላይ ግን ኖራው ቶሎ እንዲሠራ ብዬ ከተመከርኩት በላይ ጨመርኩ። ለጋ ቅጠሎቹ ነጡ፣ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፤ ብረት አጥሯቸው ነበር። አሁን ከየመደቡ ለየብቻ ናሙና እወስዳለሁ፤ በዚያኛው መደብም ፒኤቹ እስኪወርድ ኖራ አልጨምርም።